«ኦፍ» ብቻዋን አትበቃም

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ፦ «ቲቸር፣ ከእንግሊዝኛ ስም በኋላ የሚገባው መስተዋድድ የቱ እንደሆነ በምን ይታወቃል? አንዴ ኦፍ፣ አንዴ ፎር፣ አንዴ ቱ... ግራ ገባኝ።» ጥያቄው የብዙዎቻችሁ ስለሆነ እዚሁ ልመልስ ብዬ ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ችግሩ የሚጀምረው ከኛዋ «የ» ነው። አማርኛ ውስጥ «የ» ሁሉን ትችላለች። የውሃ እጥረት፣ የውሃ ፍላጎት፣ የውሃ ተደራሽነት፣ የዋጋ ጭማሪ። በቃ፣ አንድ «የ» ሁሉንም ጨረሰችው። ተማሪው ይህን ይዞ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር «የ» ባየበት ሁሉ «ኦፍ» ይተክላል። እንግሊዝኛው ግን እንዲህ ነው፦ እጥረት «ሾርቴጅ ኦፍ ዋተር»፣ ፍላጎት «ዲማንድ ፎር ዋተር»፣ ተደራሽነት «አክሰስ ቱ ዋተር»፣ የዋጋ ጭማሪ «ኢንክሪዝ ኢን ፕራይስ»። ውሃው ያው የአዋሽ ውሃ ነው፣ አልተቀየረም። የተቀየረው ቀድሞ የመጣው ስም ነው። መስተዋድዱን የሚመርጠው እሱ ነው፤ ከኋላ የሚከተለው ቃል አይደለም።

አፋርኛ አፉን የፈታበት ልጅ ደግሞ ተጨማሪ ሥራ አለበት። አፋርኛ እንዲህ ያሉትን ትናንሽ ምልክቶች ከስሙ መጨረሻ ላይ ይለጥፋል። አማርኛ ከፊት ይቀጥላል፤ አንዳንዴም «በአልጋው ላይ»፣ «ከእሷ ጋር» እያለ ስሙን ከፊትና ከኋላ ያቅፈዋል። እንግሊዝኛ ለብቻው አንድ ቃል አድርጎ ያቆመዋል። እዚህ አዋሽ አንድ ዴስክ ላይ ሦስቱም ይገናኛሉ። ልጁ «ከእሷ ጋር» የሚለውን ቆጥሮ «ማሪጅ ዊዝ» ብሎ ሲጽፍ ሰንፎ አይደለም፣ ከሚያውቀው ተነስቶ ነው። እንግሊዝኛ ግን «ማሪጅ ቱ» ይላል።

«ታዲያ ቢሳሳትስ? ሰው ይገባው የለ?» የሚለኝ አለ። ብዙ ጊዜ እውነት ነው፣ ይገባል። ግን ሁልጊዜ አይደለም። መስተዋድዱ ማን አድራጊ፣ ማን ተደራጊ እንደሆነ የሚናገርበት ቦታ አለ። ለምሳሌ «አታክ» የሚለውን ስም እንያት። «አታክ ኦን ጎትስ» ብትል ፍየሎቹ ላይ ጥቃት ደረሰ ማለት ነው። «አታክ ባይ ጎትስ» ካልክ ግን ፍየሎቹ ራሳቸው ተነስተው ወረሩ ማለት ነው። (እንደኛ አገር ፍየሎች ከሆነ ደግሞ አይታመንም አይባልም 😄)

ቀልዱን ትተን ወደ ቁም ነገሩ እንምጣ። በ2017 ዓ.ም የመጀመሪያዎቹ ወራት ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ እንዴት ይንቀጠቀጥ እንደነበር የአዋሽ ሰው አይረሳውም። ታኅሣሥ 26 ንጋት ላይ የመጣው ከ5 ሬክተር ስኬል በላይ ነበር። ከአዋሽ ፈንታሌና ከዱለቻ ወረዳዎች ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ። ያኔ ስልካችን በእንግሊዝኛ ዜና ተሞልቶ ነበር። እንደዚያ ያለ ዜና ውስጥ «ሪስክ ኦፍ ኢራፕሽን» ካለ የሚመጣው አደጋ ፍንዳታ ነው ማለት ነው። «ሪስክ ቱ ሪዝደንትስ» ካለ ደግሞ አደጋው የሚያገኘው ነዋሪውን ነው። ኦፍ አደጋው ምን እንደሆነ ትነግርሃለች፣ ቱ ማን ላይ እንደሚወድቅ ትነግርሃለች። ሁለቱንም በ«የ» ከተረጎምካቸው «የፍንዳታ ስጋት» እና «የነዋሪዎች ስጋት» ይሆናሉ። ሁለተኛው ግን ነዋሪው አደጋ ላይ ነው ለማለት ይሁን ነዋሪው ፈራ ለማለት አይለይም። ቤቱን ጥሎ ይውጣ አይውጣ ለሚያስብ ሰው ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም።

ሪፖርት ለምትጽፉም ያው ነው። ክረምት ላይ አዋሽ ሞልቶ ሲወጣ የጉዳት ሪፖርት ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ይጠየቃል። ቤቱና እርሻው ሲጎዳ «ዳሜጅ ቱ» ነው፣ ጉዳቱ የመጣበት ጎርፍ ደግሞ «ዳሜጅ ፍሮም» ነው። አንባቢው አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ቁጭ ብሎ ነው የሚያየው፤ ያንተን ቀበሌ የሚያውቀው በጻፍክለት ልክ ብቻ ነው።

እሺ፣ ታዲያ እንዴት ይጠናል? ሁሉን የሚያሳይ አንድ ህግ የለም፤ ቤተሰብ ቤተሰብ እየሠሩ መያዝ ግን ይቻላል።

👉 ጭማሪ፣ ቅናሽ፣ ለውጥ፦ «ኢን»። መጠኑን ስትናገር ግን «ኢንክሪዝ ኦፍ 10 ፐርሰንት» ነው።
👉 ፍላጎትና ጥያቄ፦ «ፎር»። «ዲማንድ ፎር»፣ «ኒድ ፎር»፣ «ሪኩዌስት ፎር»።
👉 መፍትሔ፣ መልስ፣ ቁልፍ፦ «ቱ»። «ሶሉሽን ቱ»፣ «አንሰር ቱ»።
👉 ተጽዕኖ፣ ግብር፣ እገዳ፦ «ኦን»። «ኢምፓክት ኦን»፣ «ታክስ ኦን»፣ «ባን ኦን»።

ሁለት ወጥመዶች ልጨምር። አንደኛ፣ በአማርኛ ሁለቱም «ምክንያት» ቢሆኑም «ሪዝን» ፎር ስትወስድ «ኮዝ» ኦፍ ትወስዳለች። ሁለተኛ፣ ስሙ መስተዋድድ ስለወሰደ ግሡም ይወስዳል ማለት አይደለም። «ዲስከሽን አባውት» ልክ ነው፣ «ዲስከስ አባውት» ግን ልክ አይደለም። «ዲማንድ» ግስ ስትሆን ፎርን ትጥላለች፣ ስም ስትሆን ትይዛለች። ስብሰባ ላይ የምሰማው ስህተት አብዛኛው ከዚህ የሚመጣ ነው።

ስለዚህ ደብተር ላይ «ሶሉሽን = መፍትሔ» ብላችሁ አትጻፉ። «ሶሉሽን ቱ = ለ... መፍትሔ» ብላችሁ ጻፉ። ሰው አንድ እግር ጫማ ገዝቶ ወደ ቤቱ አይሄድም።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ለ2014 ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነበር የተሰጠው። ፈተናው ምርጫ ይሰጣል፣ በግምትም ቢሆን አንዱን መምረጥ ይቻላል። የሥራ ማመልከቻና ሪፖርት ግን ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ የላቸውም። እዚያ የያዛችሁትን ነው የምትጽፉት።

አሁን ሥራ ላይ ያላችሁ ተማሪዎቼ፣ ሰመራ ድርጅት ውስጥም ሁኑ ሚሌ ጉምሩክ፣ በየቀኑ የምትጽፉትን አንድ ስም ከነመስተዋድዱ ኮመንት ላይ አስቀምጡልኝ። ሰብስቤ ለዘንድሮ ልጆች ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ።