አንዲት ኮማ

መቼም ሁላችንም ስናስታውሰው የሚያሳፍረን አንድ ሥራ አይጠፋንም። የእኔዋ ሰበብ አንዲት ኮማ ናት።

ከዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ስሠራ ለገንዘብ ያዣችን ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩላቸው። ጥቁሩ ስክሪን ላይ የሠራተኛውን መለያ ቁጥርና ደመወዙን ጽፈው «ኢንተር» ሲጫኑ የክፍያ ወረቀቱን ያትማል። ጎበዝ ተባልኩ፤ እኔም አመንኩ።

በወሩ መጨረሻ ዘበኛችን ወረቀታቸውን ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አሉኝ። ወረቀቱ 1 ብር ይላል። ሰውየው የተቀጡ መስሏቸዋል።

እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ገንዘብ ያዧ ዘንድ ሄጄ ሰው ፊት «እትዬ፣ ሲጽፉ ይጠንቀቁ እንጂ!» አልኳቸው። አንገታቸውን ደፉ።

ማታ ስመረምረው ጉዴ ወጣ። እትዬ የጻፉት ሃያ ዓመት ሙሉ መዝገብ ላይ ሲጽፉት የኖሩትን ነው፦ 1,500። በሲ ቋንቋ ጽሑፍን ወደ ቁጥር የሚቀይር «ኤቶአይ» የሚባል ትእዛዝ አለ። አሃዝ ያልሆነ ነገር ሲገጥመው እዚያው ቆሞ እስከዚያ ያነበበውን ይዞ ይመለሳል። ከ1,500 ያነበበው 1ን ብቻ ነው። «ሺህ» ብላችሁ ብትጽፉለት ደግሞ 0 ብሎ ይቀበላችኋል። «ስትርቶል» የሚባለው ወንድሙ የት ላይ እንዳቆመ ይናገራል፤ እኔ ግን አልጠየቅኩትም።

«ታዲያ ኮማውን ዘሎ አያነበውም?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ፈረንሳይ ውስጥ እኮ 1,500 ማለት አንድ ተኩል ነው! ግምት ራሱ ጣጣ አለው። «ባሽ» በተባለው የትእዛዝ መስኮት ሒሳብ ሲሠራ በዜሮ የሚጀምር ቁጥር በስምንት ቤት ይቆጠራል፤ 010 ስትሉት 8 ይላችኋል። ሚያዝያን 08 ብላችሁ ብትሰጡትማ ስህተት ነው ብሎ ይመልስባችኋል። እኔ ይሄኛውን መልስ እመርጣለሁ፤ ቢያንስ እንዳልገባው ተናግሯል።

ሱቅ የተላከ ልጅ በደንብ ካልሰማ ከመንገድ ተመልሶ «እማዬ፣ ስንት ነው ያልሽኝ?» ይላል። ይቺ ጥያቄ ድርቅና አይደለችም። ቁጥሩ የሰው እንጀራ ሲሆን ደግሞ ግዴታ ናት።

ፕሮግራሙን በማግስቱ አስተካከልኩት፤ ኮማ ሲያይ ቆሞ ይጠይቃል። እትዬንም ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ብቻ፣ የተቆጣኋቸው ሰው ፊት ነበር፤ ይቅርታ የጠየቅኳቸው ግን ለብቻቸው ሳገኛቸው ነው። ይቺን እስካሁን አላስተካከልኳትም።