በጋዜጣ የተሸፈነው መጽሐፍ

ልጅ ሳላችሁ መጽሐፍ በጋዜጣ ሸፍናችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ቤት ያልተሸፈነ መጽሐፍ አልነበረም። ሽፋኑ እንዳይቆሽሽ ነው ይባል ነበር። አንዳንዱ ግን የሚሸፈነው ርዕሱ እንዳይታይ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ያደግኩት ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። እናቴና አክስቴ አንድ ግቢ ውስጥ ስለሚኖሩ የአክስቴን ልጅ ከወንድም ለይቼ አላውቀውም። በአምስት ዓመት ስለሚበልጠኝ ጋሽዬ እለዋለሁ። ቀን ጨርቅ ቤት ይሠራል፣ ማታ ያነባል። ከደሞዙ ቆንጥሮ መጽሐፍ ይከራያል፤ በጣም የወደደውን ደግሞ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ተከራክሮ ይገዛል።

የሚወደው ጨለም ያለውን ነበር። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ የተሰበሰበውን የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ያነበብኩት ከእሱ ተቀብዬ ነው። ደራሲው በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ መቅረቱን የነገረኝም እሱ ነው። ስለ ስብሐት ገብረእግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ»፣ ሳንሱር ለዓመታት ስላገደው ልብወለድ፣ ሲያወራ ዓይኑ ይበራል። «ሰው የሚደብቀውን የሚጽፍ ደራሲ ብርቅ ነው» ይለኝ ነበር።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ፣ በ1989 ዓ.ም.፣ አንድ የተቦጫጨቀ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይዞ መጣ። የኦስካር ዋይልድ «የዶሪያን ግሬይ ምስል» ነበር። ማታ ማታ ቡና ከተጠጣ በኋላ እየተረጎመ ይነግረኝ ጀመር። ዶሪያን መልከ መልካም ወጣት ነው። ዓመታት ሲያልፉ እሱ አያረጅም፤ የሚያረጀውና በሠራው ክፋት ሁሉ የሚበላሸው የተሳለለት ምስል ነው። ምስሉን ሰው እንዳያይበት ከቤቱ ላይኛ ክፍል ቆልፎበታል። ያን ሰሞን ማታ ብቻዬን ወደ ጓዳ መግባት ፈርቼ ነበር።

ታሪኩ ሲያልቅ ስለ ደራሲው ጠየቅኩት። ዋይልድ እ.ኤ.አ. በ1895 ለንደን ውስጥ ሁለት ዓመት ከከባድ የጉልበት ሥራ ጋር ተፈርዶበታል፤ ይኸው ልብወለድም ችሎት ላይ እየተነበበ ተጠይቆበታል። ሚስቱና ሁለት ወንዶች ልጆቹ ስማቸውን ለወጡ፤ ልጆቹን ዳግመኛ አላያቸውም። ከእስር ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1900 በ46 ዓመቱ ፓሪስ ውስጥ ሞተ።

«ምን አድርጎ ነው የታሰረው?» አልኩት።

ጋሽዬ መጽሐፉን ዘጋ። «ወንድ ወድዶ» አለኝና ፋኖሱን ዝቅ አደረገው። ሌላ አልጠየቅኩም። እሱም አልጨመረም።

በ1997 ዓ.ም. ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ሄደ። መጻሕፍቱን ለእኔ ተወልኝ። በየበዓሉ ይደውላል፤ ለአክስቴ ገንዘብ ይልካል። እሷም በደወለ ቁጥር ጥያቄዋ አንድ ነው፦ «መቼ ነው የምታገባው ልጄ?»

በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ረጅም የጽሑፍ መልእክት ላከልኝ። «እህትዬ፣ ያን ማታ ስለ ዋይልድ ስነግርሽ ስለ ራሴም ልነግርሽ ፈልጌ ነበር» ይላል። ሁለቴ አነበብኩት። ከዚያ ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ አልመለስኩለትም። ሃይማኖታችን ምን እንደሚል አውቃለሁ። የአገራችን የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ድርጊቱን እንደሚቀጣም አውቃለሁ። ሰፈሩ እንደነዚህ ያሉትን ሰዎች በምን ስም እንደሚጠራ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። ያንን ስም ከጋሽዬ ጋር አንድ ላይ ማሰብ አቃተኝ። ስድስት ወር ዝም አልኩ።

ጥቅምት 2014 ላይ ጦርነቱ ደሴ ደጃፍ ሲደርስ አክስቴንና ልጆቼን ይዤ ወጣሁ። ደብረ ብርሃን ደርሰን ስልኬ እንደሠራ የመጀመሪያው ጥሪ የእሱ ነበር።

«ሁላችሁም አላችሁ?» አለኝ። ያልመለስኩለትን መልእክት አላነሳም። በማግስቱ ለቤት ኪራይና ለብርድ ልብስ የሚሆን ገንዘብ ላከ። በዚያ በብርድ ከተማ በላከው ብርድ ልብስ ውስጥ ተኝቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

አንድ ሌሊት «የምታነብልኝ ነገር ላክልኝ» ብዬ ጻፍኩለት። የጄምስ ባልድዊንን «የጆቫኒ ክፍል» ላከልኝ። በእንግሊዝኛ ነው፤ በስልክ፣ በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ አነበብኩት። ባልድዊን ጥቁር አሜሪካዊ ነው። የመጀመሪያውን ልብወለዱን ያተመለት ድርጅት ይኼኛውን አልቀበልም ብሎት በሌላ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ1956 ወጣ። ታሪኩ ፓሪስ ውስጥ ስለሚዋደዱ ሁለት ወንዶች ነው። አንደኛው ፈርቶ ሌላውን ጥሎት ይሄዳል፤ የተተወው ሰው መጨረሻው የሞት ፍርድ ይሆናል። መጽሐፉን ስጨርስ የቀረብኝ የተተወው አልነበረም፤ ጥሎ የሄደው ነው። ስልኩን ገልብጬ ያስቀመጥኩት እኔ ነበርኩና።

በበነጋው ደወልኩለት። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። «ጋሽዬ፣ አንብቤዋለሁ» ብቻ አልኩት። ለረጅም ጊዜ ሁለታችንም አልተናገርንም። ከዚያ «ብቻህን ነህ?» ብዬ ጠየቅኩት። «አይደለሁም» አለኝ።

ታኅሣሥ ላይ ወደ ደሴ ስንመለስ ቤታችን ተበርብሮ አገኘነው። ቴሌቪዥኑም፣ ማቀዝቀዣውም፣ ጀበናው ሳይቀር የለም። መጻሕፍቱ ግን ወለል ላይ ተበትነዋል፤ የፈለጋቸው የለም። ዶሪያን ግሬይ ቢጫ ከሆነው ጋዜጣው ጋር ከአልጋው ሥር ወድቆ ነበር።

ዛሬ የአሥራ አምስት ዓመት ልጄ ከመደርደሪያው አውጥታ «ይኼ ምንድን ነው?» ብትለኝ፣ ጋዜጣውን ልጬ ሰጠኋት። የፈራሽውን ወይም ያልገባሽን እኔን ጠይቂ አልኳት። ሁሉንም መመለስ እችላለሁ ማለቴ አይደለም፤ እምነቴንና ጋሽዬን በልቤ እንዴት አድርጌ አብሬ እንደምይዝ ዛሬም እየተማርኩ ነው። ያነበብኳቸው ጨለማ መጻሕፍት ግን ክፋት አላስተማሩኝም፤ ከመፍረዴ በፊት ሰውየውን እንድሰማ አስተማሩኝ።

አክስቴ አሁንም ስለ ጋብቻው መጠየቋን አልተወችም። ባለፈው ግን ቡና እያፈላች «ይኼ ልጅ በሰው አገር ብቻውን ነው እንዴ?» አለችኝ።

«ብቻውን አይደለም አክስቴ፤ የሚያስብለት ሰው አለ» አልኳት።

ሲኒውን አስቀምጣ ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ «አልሐምዱሊላህ» አለችና ሁለተኛውን ቀዳችልኝ።