የልጅ ልጄን ያበረሩት ሽማግሌ

አሜሪካ የልጅ ልጆች ያሏችሁ እናቶችና አባቶች፣ ይህን ሳትሰሙ አትቅሩ። እዚያ አገር ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ልጆችን በትንንሽ አውሮፕላን በነፃ የሚያበሩ በጎ ፈቃደኞች አሉ። መርሐ ግብሩ «ያንግ ኢግልስ» ይባላል። አንድ የአብራሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1992 የጀመረው ሲሆን፣ እስካሁን ከ2 ሚሊዮን በላይ ልጆች በረውበታል።

ቨርጂኒያ ልጄ ዘንድ ስከርም ለልጅ ልጄም ተራው ደረሰው። ልጄ የፈቃዱን ወረቀት ይዛ «እማዬ፣ ልፈርም እንዴ?» አለችኝ። አብራሪው ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው። ልባቸው አየር ላይ ቢደክምስ? ስጋቴን በልጄ አስተርጓሚነት ነገርኳቸው። አልተቀየሙም፤ «መጠየቅዎ ተገቢ ነው» ብለው ቁጭ አድርገው አስረዱኝ።

በድሮው ደንብ ለራሱ ደስታ የሚያበር ሰው፣ ዕድሜው ከ40 ካለፈ፣ በየ2 ዓመቱ መንግሥት የሰየመው ሐኪም ዘንድ መቅረብ ነበረበት። አንድ ጊዜ ታሞ የዳነ ሰው ደግሞ ማስረጃ አምጣ፣ ጨምር እየተባለ ወራት ይጠብቃል። ጤናው ሳይከለክለው በወረቀቱ ብዛት ተማሮ መብረር የተወ ብዙ ነው።

አብራሪዎቹ ግን አጉረምርመው አልቀሩም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ በየማኅበራቸው ተሰባሰቡ። እ.ኤ.አ. በ2012 ሁለት ትልልቅ ማኅበራት ለአቪዬሽን ባለሥልጣኑ አቤቱታ አቀረቡ። መልሱ ሲጓተት ወደ ምክር ቤት አባሎቻቸው ዞሩ። ሕጉ በ2016 ወጣ፤ ከሜይ 2017 ጀምሮ «ቤዚክሜድ» በሚል ስም ሥራ ላይ ዋለ።

አሁን አብራሪው የመንጃ ፈቃዱ የጸና ሆኖ በየ4 ዓመቱ በራሱ ሐኪም ይመረመራል፤ በየ2 ዓመቱም የጤና ትምህርት ወስዶ ይፈተናል። ከባድ የልብ፣ የነርቭ ወይም የአእምሮ ሕመም ያገኘው ሰው ግን አሁንም ከባለሥልጣኑ ልዩ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በዚህ ፈቃድ ሰው በክፍያ ማጓጓዝም አይቻልም።

እኔን ያሳመነኝ ይኸው ነው። ሰዎቹ ቁጥጥር ይቅርልን አላሉም፤ ሸክሙ በአደጋው ልክ ይሁን አሉ እንጂ። ደግሞስ ለዓመታት ደም ግፊቴን የለካ ሐኪም ከማያውቀኝ ሐኪም ይልቅ ሕመሜን አያውቅም? ልጄ ፈረመች። ልጁም በሮ በሰላም ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ክንፍና ስለ ነፋስ መጠየቁን አላቆመም።

ትልቁ ነገር ሁሉ ከትንሽ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1935 አገራችን ውስጥ የተሠራችውና በ2024 ከጣሊያን የተመለሰችው «ፀሐይ» ትንሽ አውሮፕላን አልነበረችምን? ዛሬ ግዙፉን ጄት የሚያበሩ ልጆቻችንም የተማሩት በትንሽ አውሮፕላን ነው።

ስለዚህ እዚያ ያላችሁ ወላጆች ሆይ፣ አብራሪውንም አውሮፕላኑንም በሚገባ ጠይቁ፤ ልባችሁ ካረፈ ፍቀዱ። ነገር ግን ነፃ በረራውን ተቀብላችሁ ብቻ አትሂዱ። ነገ ሌላ ከልክ ያለፈ ደንብ ሲመጣ ወይም የሰፈራችሁ ትንሽ አየር ማረፊያ ይዘጋ ሲባል፣ ስብሰባው ላይ ተገኙ፤ ለምክር ቤት አባላችሁ ጻፉ። ልጆቻችንን በራሳቸው ነዳጅ ለሚያበሩ ሽማግሌዎች ከምስጋና ቃል በላይ ፊርማችን ይጠቅማቸዋል።