ባሕር በሌለበት አገር፤ ከብቸና እስከ ሞጣ

የምሥራቅ ጎጃም ሰው የባሕር ጠረፍ አያውቅም። ባሕር የሚለውን ስም ግን በየዓመቱ ጥር ወር ሲገባ ያነሣዋል፤ ታቦታቱ በከተራ ዕለት ወርደው የሚያድሩበትን ውኃ፣ ትንሽ ምንጭም ቢሆን፣ ባሕረ ጥምቀት ብሎ ይጠራዋልና። በ2014 ዓ.ም. በዓሉን ብቸና ላይ አክብረን፣ በደብረ ወርቅና በግንደ ወይን አድርገን ወደ ሞጣ በተጓዝን ጊዜ የታዘብነውን እዚህ የምንጽፈው፣ ይህ ባሕር የተባለ ውኃ ከበዓሉ በኋላ ምን ተሸክሞ እንደሚቀር ስላየን ነው።

ብቸና የእነማይ ወረዳ ከተማ ናት። ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ የሆነው ዲማ ጊዮርጊስም ከእርስዋ ብዙ አይርቅም። እንደ ሌላው ከተማ ሁሉ በብቸናም የጥምቀት ሰሞን ወጣቶቹ የሚያደርጉት ደስ ያሰኛል። ጎዳናውን ጠርገው፣ ውኃ አርከፍክፈው ምንጣፍ ያነጥፋሉ፤ ታቦቱ ባለፈ ቁጥር የኋላውን ጠቅልለው እየሮጡ ከፊት ይዘረጉታል። ከፋይም አዛዥም የላቸውም።

ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ ግን ወደ ውኃው ዳር ብንወርድ ሣሩ በሌላ ነገር ተሸፍኖ አገኘነው፤ ባዶ ሃይላንድ (ሕዝባችን የታሸገ ውኃ ዕቃን ሁሉ በአንድ ፋብሪካ ስም እንዲህ ይለዋል)፣ ጥቁርና ቢጫ ፌስታል፣ የብስኩትና የከረሜላ መጠቅለያ። ጥቂት ወጣቶች ባዶ ማዳበሪያ ይዘው ይለቅሙ ነበር።

«ልጆቼ፣ ማን አዘዛችሁ?» አልናቸው።

«ማንም አላዘዘንም፣ መምህር» አለ አንዱ። «ትናንት ምንጣፍ ያነጠፍንለት ውኃ እንዲህ ሆኖ ሲታይ ያሳፍራል።»

ሃይላንዱን ለብቻው ያጠራቅሙታል፤ ቆራሌው ይገዛቸዋልና። ፌስታሉን ግን የሚገዛ ሰው የለም። አንደኛው ክብሪት ሊጭርበት ቢል ጓደኞቹ ከለከሉት፤ መልካም አደረጉ፣ የፕላስቲክ ጢስ ለሳንባ መርዝ ነውና። በየጓሮው ቆሻሻ የሚያቃጥሉ ቤተ ሰቦች ይህን ቢያስቡበት እንወዳለን።

የማይለቀመው ፌስታል ወዴት እንደሚሄድ በደብረ ወርቅ አንድ አዛውንት ገበሬ ነገሩን። ከብት ፌስታልን የሚውጠው ጅል ሆኖ አይደለም፤ የጨውና የምግብ ሽታ ስላለበት ነው። የተዋጠው ፌስታል አይመነዠክም፤ በጨጓራው ውስጥ ተጠቅልሎ እንደ ኳስ ይሆናል፤ በሬው መብል ይተዋል፣ ይከሳል። አዛውንቱ የታመመ በሬያቸውን ባረዱት ጊዜ ከሆዱ የወጣውን በሁለት እጃቸው ስፋት አሳዩን። በጎጃም በሬ መሞት ማለት እርሻ መቅረት ማለት መሆኑን ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያሻም።

ከብት ያልዋጠውን ደግሞ ክረምት ይወስደዋል። ከጮቄ ተራራ የሚወርዱት ሱሃና ሙጋ፣ ሌሎቹም ወንዞች፣ መድረሻቸው ዓባይ ነው። ዓባይም በካርቱም ከነጭ ዓባይ ጋር ተገናኝቶ፣ ግብጽን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ባሕር ይገባል። በትምህርት ቤት ካርታ ላይ ይህን መንገድ በጣታችን ስናሳይ ዘመን አሳልፈናል። ከብቸና የተጣለ ሃይላንድም የሰውን ባሕር ያቆሽሻል ማለት የተለመደ ምክር ነበር። ዛሬ ግን ነገሩ ከዚህ ይቀርባል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ በጉባ ላይ ዓባይን ገትሮ፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዘውን ንጋት ሐይቅን ፈጥሯል። እንግዲህ ከጎጃም ፈፋ ታጥቦ የሚወርደው ተንሳፋፊ ቆሻሻ አስቀድሞ የሚጠብቀው ዳርቻ፣ ከደመወዛችን ቦንድ የገዛንለት የራሳችን ሐይቅ ዳርቻ ነው።

በታችኛው ዳርቻ ብቻ መድከም ምን እንደሚያመጣ በጣና አይተነዋል። እምቦጭ የተባለው አረም በ2004 ዓ.ም. በሐይቁ ላይ ከታወቀ ወዲህ፣ ገበሬዎች እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ነቅለዋል፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ለአንድ ወር በታወጀው ዘመቻም ብዙ ሕዝብ ወጥቷል። አረሙ ግን ተመልሶ በቀለ፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያልና፣ ከላይ የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያም ይቀልበዋልና። የነቀሉትን እጆች አናቃልልም፤ ያለ እነርሱ ነገሩ በባሰ ነበር።

በአሜሪካ በቴክሳስ ጠረፍ የተደረገ አንድ ሥራ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። በመስከረም 1979 ዓ.ም. 2,800 ያህል በጎ ፈቃደኞች የባሕሩን ዳር ሲያጸዱ ቆሻሻውን በማንሣት ብቻ አልተወሰኑም፤ ጠርሙሱን፣ ገመዱን፣ ከረጢቱን በየዓይነቱ ቆጥረው በወረቀት መዘገቡት። ዛሬ ይህ ልማድ በብዙ አገሮች በየዓመቱ ይደረጋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ከተቆጠረ ዘንድ ከማን እጅ እንደ ወጣ ይታወቃል። የብቸና ልጆች ደብተርና እርሳስ ይዘው ቢሆን ኖሮ፣ ከሚለቅሙት የሚበዛው ወደ ውኃው በሚያወርደው መንገድ ዳር ከሚሸጠው እንደሚመጣ በጽሑፍ ባሳዩ ነበር። ለየትምህርት ቤቱ የሒሳብ መምህራን ይህን ሥራ እንመክራለን፤ ከመጽሐፉ ምሳሌ ይልቅ ልጆቹን ያነቃቸዋል።

ሞጣ የደረስነው በገበያ ቀን ነበር። ጨው ለምትሸጥ አንዲት ሽማግሌ ሴት፣

«እናቴ፣ ፌስታል ሳይመጣ በምን ይቋጥሩለት ነበር?» አልናት።

«ገዢው ዕቃውን ይዞ ይመጣ ነበራ፣ ልጄ!» አለችን። «ዛሬ ሁሉም እጁን እያወዛወዘ ነው የሚመጣ። እኔ ምን ላድርግ?»

ከአዋጅ ሁሉ ይልቅ ይህ ቃል ነገሩን ያስረዳል ብለን እናምናለን። አዋጅ አልጠፋምና፤ በ1999 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የቀጠነውን ፌስታል ከልክሎ ነበር፤ ያም ሆኖ ፌስታሉ ከገበያው አልጠፋም። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ምክር ቤቱ ፌስታልን ጨርሶ የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ነገር ግን እማወራዋ ዘንቢሏን ሳትይዝ ከቤት ከወጣች፣ ሻጭዋ ጨዉን በመዳፏ አትሰጣት። ዘንቢልና ቅርጫት በየቤታችን ግድግዳ ላይ ለጌጥ ተሰቅለዋል፤ ከዚያ ማውረድ ብቻ ነው የቀረው።

በዚያው በሞጣ ጠበል የሚቀዱ ምእመናንን ስናይ አንድ ነገር አስተዋልን። የያዙት ጀሪካን ፕላስቲክ ነው፤ አንድም ሰው ግን ሲጥለው አላየንም። ክዳኑ ቢጠፋ በጨርቅ ይወተፋል፤ መያዣው ቢሰበር ገመድ ይታሰርበታል፤ ከነጭራሹ ሲቀደድም አንገቱ ተቆርጦ የዶሮ ውኃ መጠጫ ይሆናል። ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ እንዲታወቅ አንዳንዱ ላይ ስም ተጽፎበታል።