በቀኝ የነበረው

እኛ የደሎ መና ልጆች ለክረምት ዕረፍት ስንገባ ከመጽሐፍ ይልቅ የጦር ፊልም ይዘን ነው። ሥራችንም (መቼም ሥራ ከተባለ) ታንኩን መለየት ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. የተሠራው «ባትል ኦፍ ዘ በልጅ» ውስጥ የጀርመን ታይገር ተብሎ የሚያጓራው ታንክ የእስፔን ጦር ያዋሰው የአሜሪካ ኤም 47 ነው። የእውነተኛው ታይገር ጎማዎች ይደራረባሉ፤ የዚህኛው በየጎኑ ስድስት ሆነው ለየብቻ ይሰለፋሉ። ሸርማን ነኝ ባዩም ኤም 24 ነው።

አንድ ማታ ይህን ስንተነትን ጎረቤታችን ጋሼ አብረውን ነበሩ።

«ይሄ እኮ የውሸት ጀርመን ነው፣ ጋሼ!»

«ይቺማ የእኛ ናት። ነድቻታለሁ» አሉ።

በ1969 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ማለታቸው ነው። አምስት ሆነው እንደሚገቡባት፣ ሾፌሩ ከፊት በግራ፣ መትረየስ ተኳሹ በቀኙ እንደሚቀመጥ ነገሩን። እኛ ጎማ ቆጣሪዎቹ ይህን አናውቅም ነበር።

ፊልሙ ሊያልቅ ሲል አሜሪካኖቹ የነዳጅ በርሜል ቁልቁል እያንከባለሉ ታንኮቹን ያነዷቸዋል። እንደ ልማዳችን አጨበጨብን። ጋሼ ብድግ አሉ።

«በቀኜ የነበረው ልጅ አልወጣም» ብለው ጋቢያቸውን ሰብስበው ሄዱ።

በማግስቱ ስሙን ጠየቅናቸው፤ ነገሩን። የጎባ ልጅ ነው። ወደ ትምህርታችን ስንመለስ አውቶቡሱ የሃረናን ጫካ አልፎ፣ ሳነቴን ወጥቶ ጎባ ሲገባ ወሬያችን ሁሉ ጸጥ አለ።