ቁጥር የሌለው ሲዲ

ባለፈው ወር ሚዛን ተፈሪ ወርጄ አንድ አሮጌ ሲዲ በ400 ብር ገዝቼ ወደ ማሻ ስመለስ፣ ከመኝታ ክፍል ጓደኞቼ ያልሳቀብኝ የለም። ነገሩ እንዲህ ነው።

የአጎቴ ልጅ አዲስ አበባ ይኖራል። ማታ ማታ ሰከንድ ላይፍ የሚባለው ምናባዊ ዓለም ውስጥ ይገባል። ይህ ዓለም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 የተከፈተ ሲሆን፣ ሰው የሚገባበት አቫታር በሚባል፣ እሱን ወክሎ በሚራመድ ምስል ነው። ታዲያ የዘመዴ አቫታር ይጨፍራል፣ እጁን ያውለበልባል፤ ሽማግሌ ሲያገኝ ግን ጎንበስ ብሎ፣ ቀኝ ክንዱን በግራው ደግፎ ሰላም ማለት አያውቅም። «አንተ መምህር ልትሆን አይደል? አስተምረዋ!» አለኝ። ነገሩ ከነከነኝ።

የአቫታር እንቅስቃሴ ቢቪኤች በሚባል ፋይል ይጻፋል። ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ነው፤ መጀመሪያ አጥንቶቹን ከዳሌ ጀምሮ ይዘረዝራል፣ ቀጥሎ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ በየቅጽበቱ ስንት ዲግሪ እንደዞረ በቁጥር ያስቀምጣል። አጻጻፉ የቆየ በመሆኑ የድሮ ሶፍትዌርም ያወጣዋል። በ1995 የወጣው ፖዘር የቀድሞ እትሞቹ ለዚሁ ሥራ ሲያገለግሉ ኖረዋል። አሮጌ የፈለግሁትም ለዚህ ነው፤ ዋጋው ይረክሳል፣ የማበልጸጊያ ማዕከላችን ኮምፒውተርም ይችለዋል። እኔ የገዛሁት ከዚያው ወገን ነው፤ ስሙ ይቅር።

ብሩ እናቴ ማር ሸጣ የላከችልኝ ነበር። (ለጫማ ነበር የላከችው፤ እሱንም ልናዘዝ።) ሲዲውን ስከፍተው መለያ ቁጥር ጠየቀኝ። ሻጩ ዘንድ ደወልኩ።

«ወንድሜ፣ ቁጥሩማ ካርቶኑ ላይ ነበር።»

«ካርቶኑስ?»

«እኔ እንጃ፣ ቤት ሲጠረግ ተጥሏል መሰለኝ።»

ያኔ ነው የገባኝ። ያገለገለ ወንበር ሲገዛ ወንበሩን ተሸክሞ መሄድ ነው፤ ያገለገለ ሶፍትዌር ሲገዛ ግን ዋናው ዕቃ ቁጥሩ ነው፣ ያውም የፊተኛው ባለቤት የመጠቀም መብቱን ለሌላ ማስተላለፍ ከተፈቀደለት። እኔ ያየሁት የሲዲውን መጫጫር ብቻ ነበር።

አንድ ጓደኛችን «ቁጥሩን የሚሰብር ፕሮግራም አለኝ፣ አምስት ደቂቃ ነው» ብሎ ፍላሽ ሰጠኝ። እውነቱን ልናገር፣ ሦስት ቀን ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞሬያለሁ። በአራተኛው ቀን በማስተማር ልምምድ ላይ አንድ ልጅ ከጎረቤቱ ሲገለብጥ ያዝኩትና ወረቀቱን ቀማሁት። ማታ ፍላሹን መለስኩ።

በመጨረሻ የደረስኩበት ብሌንደር ነው። ይህ ፕሮግራም በ2002 ወዳጆቹ 100,000 ዩሮ አዋጥተው ለሁሉም በነጻ እንዲለቀቅ ያደረጉት ነው። አዲሱን የማዕከሉ ኮምፒውተር አልቻለውም፤ የ2017ቱን 2.79 እትም ግን ተሸከመው። ያም አሮጌ ነው፣ ግን ቁጥር አይጠይቅም።

ባለፈው ቅዳሜ ማሻ ገበያ ቆሜ አባቶች ሲገናኙ እያየሁ በልቤ ስቆጥር ዋልኩ። ማጎንበሱ ሁለት ሰከንድ ያህል ነው፤ በሰከንድ 30 ምስል ሲታሰብ 60 ምስል ይሆናል። ወገቡ ተሳክቶልኛል። የግራ እጁ ግን እስካሁን ክርኑን ስቶ ሆዱ ውስጥ ይገባል።

ሲዲውን እናቴ ወስዳ በቆሎዋ መሐል ሰቅላዋለች፤ ወፍ ያባርራል አለች።