የማምሸት ዋጋ

«ዘ ሲምስ» የተሰኘው የኮምፒውተር ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲወጣ፣ በውስጡ የሚኖሩት ሰዎች ከሥራና ከትምህርት ቤት በቀር ከሰፈራቸው የሚርቁበት ምክንያት አልነበራቸውም። በሩን የከፈተላቸው በ2001 የታከለው «ሆት ዴት» ነው፤ ታክሲ ጠርተው መሐል ከተማ ወርደው ራት መጋበዝ ጀመሩ።

በ2005 ለሁለተኛው ትውልድ የተዘጋጀው «ናይትላይፍ» የግል መኪናና ደም መጣጭ ቫምፓየር አመጣ፤ የፍቅር ቀጠሮንም በነጥብ መመዘን ያዘ። ትልቁ ልግስናው ግን ሌላ ነው። ሰውየው ሲጨፍር ቢያነጋ እንኳ የቤቱ ሰዓት ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ተመልሶ የሚገባው በወጣበት ሰዓት ነው። ድካሙና ረኃቡ ብቻ አብረውት ይገባሉ።

የ2010ሩ «ሌት ናይት» ይህን ልግስና ነሣ። በብሪጅፖርት ከተማ ሰዓቱ ለሁሉም እኩል ይቆጥራል፤ ያመሸ ሰው ይነጋበታል፣ ሥራም ይረፍድበታል። በታወቁት መጠጥ ቤቶች ደጃፍ ዘበኛ ቆሟል፤ ዝና ወይም ጉቦ የሌለው ይመለሳል። በ2015 የመጣው «ጌት ቱጌዘር» በበኩሉ ደጁን ለተጫዋቹ አስረከበ፤ ማኅበሩን መሥርቶ ማን እንደሚገባ የሚወስነው እርሱ ነው።

ከአራቱ ለእውነተኛው ሌሊት የሚቀርበው «ሌት ናይት» ነው፤ ንጋት የማያስከፍለው ምሽት ምሽት አይባልምና። ከስክሪኑ ፊት ለብቻው የተቀመጠው ተጫዋች ሰዓት ግን በአራቱም አልቆመለትም።